በበረዶ መንገድ ላይ ስለ አረማመድ

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት ይህ ዐምድ በየወሩ የሚነጋገረው ስለ ቤተ ሰብ ኑሮ ነው። የዚህ ወር ርእሳችን አገር ቤት ላለው አንባቢ በመጀመሪያ ሲያየው የማይመለከተው ሊመስለው ይችላል፤ ይኸውም በረዶ በረጋበት የእግረኛ መንገድ ላይ ሳይወድቁ ስለ መኼድ ነው። ነገር ግን ከአንባቢዎቻችን መካከል ልጁ ወይም ወንድሙ በብርድ አገር የሚኖርለት ብዙ ሰው አለ፤ እናቶችም አራስ ለመጠየቅና የልጅ ልጅ ለመሳም ባሕር ተሻግረው መኼድ ከጀመሩ ቈይተዋል። አንዲት እናት እዚያ ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ሐዘኑ የሚገባው በኹለት አገር ባሉ ቤቶች ነው። ስለዚህ ጕዳዩን የሩቅ አገር ወሬ ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

ለምሳሌ የምንወስዳት ከተማ ሚኒያፖሊስ ናት፤ በአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል በሚኔሶታ ግዛት የምትገኝ፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት፣ እኛም ኹለት የብርድ ወራት ያሳለፍንባት ከተማ ናት። በዚያ የጥር ወር አማካይ ሙቀት፣ ሙቀት መባሉ ካልቀረ፣ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን አልፎ የሚወርድበትም ጊዜ አለ። በአንድ ዓመት የሚወርደው በረዶ ቢደመር ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ይህ ኹሉ እያለ ሰው እንጀራውን ለማግኘት ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ አውቶቡስና ወደ ባቡር ማቆሚያ በእግሩ ይኼዳል። የሆስፒታሉና የአረጋውያን መጦሪያው ሠራተኛ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ጽዳት ሠራተኛ፣ የሌሊቱ ዘበኛ፣ ተማሪውም ጭምር፣ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን የሚያገኙት በጨለማ ነው።

ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በእኛ ዘንድ ክረምት ማለት ዝናም፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ነው። በዚያ ያሉት ወገኖቻችን ግን ክረምት የሚሉት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን የበረዶ ወራት ስለ ኾነ፣ ልጅ በስልክ «ክረምቱ በረታብን» ሲል እናት በጥር ወር ዝናም የጣለ ይመስላቸዋል። በረዶ የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ ውኃ ረግቶ እንደ መስተዋት የሚኾነውንም በአማርኛችን በአንድ ስም እንጠራዋለን። ግእዙ በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ የሚሉ ልዩ ልዩ ስሞች አሉት። ነገሩም ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ተጓዥ በአዱሊስ ወደብ ከነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ ገልብጦ ባቈየልን ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ የስሜንን ተራሮች ሲወጋ በረዶው ሰውን እስከ ጕልበቱ ያሰጥም እንደ ነበር ተጽፏል። ይህን ለተማሪዎቻችን በነገርናቸው ጊዜ ኹሉ ሲገረሙ አይተናል።

ልዩነቱን ያነሣነው ግን ለትምህርት ብቻ አይደለም። እንደ ጥጥ የሚረግፈው አዲስ በረዶ እግርን ያሰጥማል፣ ካልሲ ያረጥባል፣ መንገድ ይዘጋል እንጂ ብዙ ሰው አይጥልም። አጥንት የሚሰብረው የረጋው ነው። ቀን በፀሓይ የቀለጠው በረዶ በአስፋልቱና በሲሚንቶው ላይ ይፈስስና ማታ ብርዱ ሲመለስ ይረጋል፤ ሲነጋም ከሥሩ ያለው መንገድ ወለል ብሎ ስለሚታይ ሰው የሚያየው እርጥብ መንገድ እንጂ በረዶ አይመስለውም። በዚያ አገር ሰዎች ጥቁር በረዶ ብለው የሚጠሩት ይህንኑ ነው። ራሱ ጥቁር ስለ ኾነ ሳይኾን የመንገዱን ጥቁረት ስለሚያሳይ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። ልጆች እንግዳቸውን ለመቀበል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲመጡ ወፍራም ካፖርት በክንዳቸው ይዘው ነው። እናታቸውን ከሳሙ በኋላ ካፖርቱን ያለብሷቸዋል፤ የሱፍ ቆብ፣ የአንገት ልብስ፣ ጓንቲም ይጨምሩላቸዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። ወደ እግራቸው የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። እናት የተጫሙት ለመንገዱ ክብር ሲባል የተገዛ፣ ታኮ ያለው፣ ሶሉ የለሰለሰ የቆዳ ጫማ ነው። ከአዳራሹ በር እስከ መኪናው ያለችውም መንገድ ዐሥር እርምጃ ብትኾን፣ በእነዚያ ዐሥር እርምጃዎች ውስጥ ካፖርቱ የሚሠራው አንዳች ሥራ የለም። ብርድ ሰውን ያንቀጠቅጣል፤ መንገዱ ግን አጥንት ይሰብራል። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ከካፖርቱ አስቀድሞ ጫማው መገዛት አለበት፤ የእግራቸው ቍጥር በስልክ ተጠይቆ፣ ከወፍራም ካልሲ ጋር እንዲበቃ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በእጅ መያዝ አለበት።

በረዶ ለምን ያንሸራትታል? ቀድሞ የሰው ክብደት ሲጫነው ስለሚቀልጥ ነው ይባል ነበር። ክብደት በረዶን ማቅለጡ እውነት ቢኾንም ብርዱ በበረታ ጊዜ የአንድ ሰው ክብደት ለዚህ አይበቃም። እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በ1850 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ በረዶ ከዜሮ በታች በኾነ ብርድ እንኳ በገጹ ላይ ስስ የውኃ ልባስ አለው። ከእርሱ በኋላ የተነሡ መርማሪዎችም የላይኛው ገጽ ቅንጣቶች እንደ ውስጠኞቹ ተጣብቀው እንዳልተያዙ አረጋግጠዋል። ይህ ልባስ ብርዱ ሲጠና ይሳሳል፤ ወደ ዜሮ ሲቀርብ ይወፍራል። ስለዚህ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በኾነ ቀን በረዶው እንደ ደረቅ ድንጋይ ሻካራ ሊመስል ይችላል፤ ቀኑ ለስለስ ብሎ ፀሓይ ስትወጣና ሰው «ዛሬስ እግዚአብሔር ማረን» ብሎ ቀለል ያለ ጫማ ሲያደርግ ግን መንገዱ ከኹሉ ቀን የከፋ ይኾናል። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው በብርዱ ቀን ነው፤ የሚወድቀው በለስላሳው ቀን ነው።

ስለ ጫማ ሱቅ ውስጥ የሚነገረውን ኹሉ ማመን አይገባም። በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ዊንተርላብ የሚባል የምርምር ክፍል አለ፤ ወለሉ በረዶ የኾነ፣ እንደ ቍልቍለትና እንደ ዐቀበት የሚያዘነብል ክፍል ነው። ሰዎች ልዩ ልዩ ጫማ እያደረጉ፣ እንዳይጐዱም ከላይ በመታጠቂያ ተይዘው፣ በዚያ ላይ ይራመዳሉ፤ ወለሉም እስኪያንሸራትታቸው ድረስ ቀስ እያለ ያዘነብላል። በ7 ዲግሪ ዝንባሌ ላይ የቆመ ጫማ የመጀመሪያውን ማዕርግ ያገኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተገለጸው ውጤት ከተፈተኑት 98 ዐይነት ጫማዎች ይህን ያለፉት ከዐሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ የተፈተኑት ደግሞ ለብርድ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ጠጕር ያለውና የሚያሞቀው ጫማ ኹሉ መንገዱን ይይዛል ማለት አይደለም። ሶሉን በአውራ ጣት ተጭኖ ማየት ይጠቅማል፤ ለስለስ ያለ ጎማ ኾኖ ጥልቅ ጥርሶች ያሉት ይሻላል፤ እንደ ፕላስቲክ የደረቀው በብርድ ጊዜ ይብሱን ይደርቃል። ከጫማ በላይ የሚታሰር፣ ከሥሩ የብረት ሹሎች ያሉት የጎማ ማሰሪያም አለ። ይህ ለአረጋውያን እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ወደ ሕንጻ ሲገቡ መፍታት ያስፈልጋል፤ ሹሉ በረዶውን የሚይዘውን ያህል የለሰለሰውን የሸክላ ንጣፍ አይዝምና።

ከዘራ የለመደ ሰው ከዘራውን አይጣል፤ ይልቁንም ጫፉ የሚታጠፍ የብረት ሹል ይደረግበት። ባለ ጎማው ጫፍ በበረዶ ላይ ከባለቤቱ ቀድሞ ይንሸራተታል።

አረማመዱን በሚመለከት ለእኛ ሰው የመጀመሪያው ችግር ድጥን የሚያውቅ መኾኑ ነው። በሐምሌ ጭቃ ያደገ ሰው ሲያዳልጠው የእግሩን ጣቶች ወደ መሬት ቈንጠጥ አድርጎ ይይዛል፤ ጭቃውም ይቀበለዋል። በረዶ ግን አይቀበልም። በተለመደው አረማመዳችን ፊተኛው እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ መሬት የሚነካው በተረከዙ ነው፤ ክብደታችን ገና በኋላኛው እግር ላይ እያለ ፊተኛው መሬቱን በሰያፍ ይገፋዋል። መንገዱ ካልያዘው ተረከዙ ወደ ፊት ያመልጥና ሰውየው ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ወደ ኋላ የወደቀ ደግሞ ጭንቅላቱን የሚከላከልበት እጅ የለውም። መድኀኒቱ ይህ ነው፤ እርምጃን ማሳጠር፣ ጕልበትን ጥቂት ማላላት፣ የእግርን ጫፍ ወደ ውጭ በመጠኑ ማዞር፣ ውስጥ እግርን በሙሉ አንድ ጊዜ ማሳረፍ፣ አካልንም ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሎ ክብደትን ባረፈው እግር ላይ ማድረግ። በዚያ አገር ለሕፃናት «እንደ ፔንጉዊን ኺዱ» ብለው ያስተምሯቸዋል፤ ፔንጉዊን በደቡብ ዋልታ በረዶ ላይ የምትኖር፣ መብረር የማትችል፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች የምትኼድ ወፍ ናት። የእኛ ጐልማሶች እንዲህ መኼድ ያፍራሉ። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይኼዳል» የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ለተማሪ እንዳስጻፍን እግዚአብሔር ይወቅ፤ በበረዶ ላይ ግን ተረትነቱ ቀርቶ የአካኼድ መመሪያ ይኾናል።

እጅም ሥራ አለው። በኪስ የገባ እጅ ሚዛን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ጓንቲ ለሙቀት ብቻ ሳይኾን እጅ ከኪስ እንዲወጣ የሚደረግ ነው። ነጠላም እንዲሁ ይታሰብበት። ለገና ሌሊት፣ በፈረንጆች ቀን ለጥር 7 አጥቢያ፣ እናቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ነጠላውን በካፖርቱ ላይ ተከናንበው ኹለት እጃቸውን በውስጡ ይሸሽጋሉ፤ ክንንቡ የጐንን ማየት ይከለክላል፣ እጁም ታስሯል፣ የቀሚሱ ጠርዝ ደግሞ ከጫማው በታች ነው። ነጠላውን በአንገት ዙሪያ ጠምጥሞ፣ ቀሚሱን በመቀነት ከፍ አድርጎ፣ እስከ መኪናው ድረስ እንዲህ መኼድ ከሥርዐት አያወጣም። ደግሞም ጫማ ወልቆ የቈየበት ደጃፍ በቀለጠ በረዶ ይረጥባልና ሌላ ደረቅ ካልሲ በቦርሳ መያዝ ብልኀት ነው።

ሰው በብዛት የሚወድቅባቸው ስፍራዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የራሱ ደረጃ ነው፤ ከቤት ሲወጣ ሐሳቡ ገና ከቤት ስላልወጣ ይኾናል። ከጣሪያ ውኃ የሚወርድበት ቧንቧ አፍ፣ ፀሓይ የማይደርስበት የሕንጻ ጥላ፣ የእግረኛ መንገድ ወደ አስፋልቱ የሚያዘነብልበት ማቋረጫ፣ በድልድይ ላይ ያለ መንገድም አሉ። የአውቶቡስ ማቆሚያው ደግሞ ብዙ እግር በረዶውን ረግጦ ስላጠበቀው ከኹሉ ይብሳል። ከመኪና ሲወርዱ ኹለቱንም እግር መሬት ላይ አሳርፎ፣ የበሩን ጠርዝ ይዞ፣ ከዚያ መነሣት ነው። ወደ ሕንጻ ሲገባም ጥንቃቄው አያበቃም፤ ሶል ላይ የተጣበቀ በረዶ በለሰለሰው ወለል ላይ ሲቀልጥ ሳሙና ማለት ነው።

አውቶቡሱ ሲመጣ ማየትና መሮጥ ግን ከእነዚህ ኹሉ ይከፋል። በሩ ሊዘጋ ነው፣ አለቃው ይቈጣል፣ የሰዓት ደመወዝ ይቀነሳል፤ ይህ ኹሉ እውነት ነው፤ እኛም የሠራተኛውን ጭንቀት አናቃልልም። ነገር ግን የእጁ አንጓ የተሰበረ ሰው የሚያጣው የአንድ ሰዓት ደመወዝ አይደለም፤ በጉልበቱ ለሚያድር ሰው የብዙ ሳምንት እንጀራ ነው። ሩብ ሰዓት ቀድሞ መውጣት የሚቻለው ማታ ልብስና ምሳ ሲዘጋጅ ነውና ይህ የቤተ ሰብ ሥራ እንጂ የተጓዡ ብቻ አይደለም። አንዳንዶችም የእግረኛው መንገድ ሲያስፈራቸው የመኪናው መንገድ ተጠርጓል ብለው ወደዚያ ይወርዳሉ፤ ይህ በቀጥታ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ እግረኛውን ያንሸራተተ በረዶ መኪናውንም አያቆመውምና። በመኻል ከተማ ለሚሠራ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ሚኒያፖሊስ ሕንጻዎቿን በኹለተኛው ፎቅ ከፍታ በመስተዋት በተሸፈኑ ድልድዮች ማያያዝ የጀመረችው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ ሰው በእነዚህ ድልድዮች ብዙ ጎዳና ሳይወጣ ያቋርጣል። ማታና በዕረፍት ቀን የሚዘጉበትን ሰዓት ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

አረጋውያንን ስለ መደገፍ አንድ ነገር እንጨምር። «እማማ፣ ልያዝዎ» ሲባሉ ብዙዎቹ «ተወኝ ልጄ፣ ገና መቼ ደከምኩ» ይላሉ፤ ድጋፍን መቀበል እርጅናን እንደ ማመን ይቈጥሩታልና። በዚያ ያየናት አንዲት አስተዋይ ሙሽራ ግን አማቷን «እማማ፣ እኔ እንዳልወድቅ ይያዙኝ» አለቻቸው፤ እርሳቸውም ክርኗን ጥብቅ አድርገው ይዘው እስከ መኪናው ድረስ ሲጠብቋት አየን። ይህ ቃል ክብራቸውን ጠበቀ፤ አያያዙም የተሻለው ነው። ደጋፊው ክንዳቸውን አንቆ ሲይዝ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይጐትታል፤ አዛውንቱ ራሳቸው ክርን ሲይዙ ግን ሚዛናቸው በእጃቸው ነው። ደጋፊው በበኩሉ ከእርሳቸው የተሻለ ሶል ያለው ጫማ ማድረግ አለበት።

ከደጃፍ ያለውን መንገድ ማጽዳት በሚኒያፖሊስ የባለቤቱ ግዴታ ነው። ለአንድና ለኹለት ቤተ ሰብ መኖሪያ የሚኾን ቤት በረዶው ከቆመ በኋላ በ24 ሰዓት፣ አፓርትማና ንግድ ቤት ደግሞ በቀን በ4 ሰዓት ውስጥ መንገዱን እንዲጠርግ የከተማው ደንብ ያዛል። እኛ ግን ደንቡን አትጠብቁ እንላለን፤ ሰው ሳይረግጠው በአካፋ የተነሣ በረዶ ቀላል ነው፤ የተረገጠው ግን ጠብቆ ዶማ ያስፈልገዋል። ከተጠረገ በኋላ ጨው ይበተናል። እናቶች ይህን ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ አሞሌ ገንዘብ ኾኖ በኖረበት አገር ጨው መንገድ ላይ ሲደፋ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ድንጋጤያቸውም ሳያውቁት ልክ ነው። ተራ ጨው የሚሠራው እስከ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች መበተኑ ጨውን ማባከን ነው። የቀለጠውም ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ የሚኔሶታ ባለሥልጣኖች እንደሚያስተምሩት አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ያህል ውኃ ያበላሻል፤ ጨውንም ከሐይቅ መልሶ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው። ብርዱ ሲጠና የሚሻለው አሸዋ ነው፤ አያቀልጥም፣ ግን እግር ይይዛል። ከተማዪቱ ለነዋሪዎች አሸዋ በነጻ የምትሰጥባቸው ስፍራዎች አሉ፤ ባልዲ ይዞ መኼድ ብቻ ነው። የጎረቤት አዛውንት ደጃፍም ከራስ ደጃፍ ጋር ቢጠረግ የሚጨምረው ድካም ዐሥር ደቂቃ ነው።

ይህ ኹሉ ተደርጎ ሰው ሊወድቅ ይችላል። መውደቁ ካልቀረ የተሸከሙትን መልቀቅ፣ አገጭን ወደ ደረት መሰብሰብ፣ ጕልበትን አጥፎ ወደ ጐን መውረድ፣ ሥጋ በበዛበት በጭንና በትከሻ ማረፍ ይሻላል፤ በተዘረጋ እጅ መሬቱን ለማቆም መሞከር አንጓን ይሰብራል። ከወደቁ በኋላ በእፍረት ዘልሎ መነሣት የእኛ ሰው ጠባይ ነው። አይገባም፤ ተቀምጦ አካልን መመርመር ይቀድማል። አረጋዊ ሰው ወድቆ ዳሌውን ካመመው፣ እግሩም አጥሮ ወደ ውጭ የዞረ ከመሰለ፣ አታንሡት፤ በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ 911 ደውሉ። ወጌሻ የሚያውቅ ሰው አለና እስኪመጣ ይታሽ ማለት በዚህ ጊዜ ጕዳት ነው። ደም የሚያቀጥን መድኀኒት የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ምንም ሕመም ባይሰማው እንኳ ያንኑ ቀን ሐኪም ይየው። እንግዳ ኾነው ለሚኼዱ ወላጆች ደግሞ የጕዞ የጤና ዋስትና ከመሳፈራቸው በፊት ይገዛላቸው፤ ለጕብኝት የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ አገር የሕክምና ዋስትና የለውም፤ የአንድ ዳሌ ቀዶ ሕክምና ዋጋም ቤተ ሰብን ለዓመታት በዕዳ ያኖራል።

በመጋቢት ወር ቀኑ ሲረዝምና በረዶው ቀን ቀን ሲቀልጥ ሰው ኹሉ ደስ ብሎት ከባዱን ጫማ ወደ ሣጥን ይከትታል። ሌሊቱ ግን ገና ከዜሮ በታች ነው፤ ቀን የቀለጠው ኹሉ ሲነጋ ረግቶ ይገኛል። በሚኔሶታ በሚያዝያም በረዶ የሚወርድበት ዓመት ብዙ ነውና ጫማውን እስከ ፋሲካ ድረስ ከደጃፍ አታንሡት።